«ጎል!» ያላሳየን ወንበር

«ጎል!» የሚለውን ፊልም ስንት ጊዜ አይታችሁታል? እኔ መቁጠር ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ሲዲ በሚከራይበት ዘመን ያደገ የኳስ ልጅ ሁሉ ሳንቲያጎ ሙኔዝን እንደ ሰፈሩ ልጅ ያውቀዋል። ከሎስ አንጀለስ ተነስቶ ኒውካስል የደረሰ ሜክሲኳዊ አጥቂ። አስሙን ደብቆ የሚሮጥ፣ አባቱ «ተው ይቅርብህ» እያለው የሄደ፣ በመጨረሻም ቅጣት ምት መትቶ ሊቨርፑልን ያሸነፈ። ሙኔዝ የሚባል ተጫዋች በእውኑ ዓለም እንደሌለ እያወቅን እንኳ ስለ እሱ ስናወራ «ያኔ ኒውካስል እያለ» እንላለን።

ሰሞኑን እንደገና አየሁት። በዚህ ጊዜ ግን ጎሎቹን አልጠበቅኩም። የፈለግኩት ሌላ ነገር ነው፤ ልጁ ተቀምጦ የሚታይበትን ጊዜ። ምክንያቱም አንድ ወጣት አጥቂ ከሀገሩ ወጥቶ ትልቅ ክለብ ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት፣ የሚያሳልፈው ሜዳው ውስጥ ሳይሆን ከሜዳው ጎን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ይለማመዳል፣ ቅዳሜ ማሊያውን ለብሶ ይቀመጣል፣ ላቡ ሳይወጣ ታጥቦ ቤቱ ይገባል። ፊልሙ ይህን ጊዜ ምን አደረገው?

ቆረጠው። ያውም በቆንጆ ሙዚቃ።

ይሄ የአንድ ፊልም ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሃያ ዓመት ቆይቶ ማንሳት አያስፈልግም ነበር። ነገሩ ግን እኛም በሬዲዮ፣ በቴሌግራም ቻናል፣ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠን የእውነተኛ ልጆችን ታሪክ የምንናገረው በዚያው መቀስ ነው። መሄዱን እናወራለን፣ ማግባቱን እናወራለን፣ መሀሉን ቆርጠን እንጥላለን። ያልገባውን ልጅ ደግሞ ከነታሪኩ እንጥለዋለን። (በነገራችን ላይ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ወር፣ ሁለት ደቂቃ

በዳኒ ካነን ተዘጋጅቶ በ2005 የወጣው ይህ ፊልም ሲጀምር ጥሩ ነው። ሳንቲያጎ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ድንበር አቋርጦ አሜሪካ የገባ፣ ወረቀት የሌለው ልጅ ነው። ቀን ከአባቱ ጋር የሀብታም ግቢ ያጸዳል፣ ማታ ቻይና ምግብ ቤት ሳህን ያጥባል። ድሮ ኒውካስል የተጫወተ ግሌን ፎይ የሚባል ሰው ሲጫወት ያየውና እንግሊዝ እንዲመጣ ይጋብዘዋል። ለጉዞው ያጠራቀመውን ገንዘብ አባቱ ወስዶ መኪና ይገዛበታል። አያቱ ደግሞ ያላትን ሸጣ ትኬት ትቆርጥለታለች። እስኪ ንገሩኝ፣ ይሄ የሜክሲኮ ታሪክ ብቻ ነው? ወርቋን ሸጣ ልጅ የላከች እናት በየሰፈራችን አለች።

ኒውካስል ሲደርስም ፊልሙ ለጥቂት ደቂቃ እውነቱን ይናገራል። የመጀመሪያው ሙከራ በዝናብና በጭቃ ነው። በደረቅ የካሊፎርኒያ ሜዳ የሚያብረቀርቀው ልጅ እዚህ ኳሷን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ይወድቃል፣ ይገፋል። ሌሎቹ ተጫዋቾች ይስቁበታል። ፎይ አሰልጣኙን ለምኖ የአንድ ወር ሙከራ ያስገኝለታል። ከዚያም የተጠባባቂ ቡድኑ ጨዋታ ይመጣል። ከጨዋታው በፊት አንድ የቡድን ጓደኛው የአስም መድኃኒቱን በእግሩ ይሰባብርበታል፤ ሳንቲያጎ ትንፋሽ አጥሮት ይንገላታል። በሽታውን የደበቀው «ጤነኛ አይደለም» ተብሎ እንዳይባረር ነው። ይህ ትዕይንት ከጠቅላላው ፊልም የምወደው ነው። ሰው ሀገር የሄደ ልጅ ድካሙን ለምን እንደሚደብቅ ያለ አንድ ማብራሪያ ያሳያል። ቤት ሲደወልም «ደህና ነኝ» የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ግን ፊልሙ እዚህ አይቆይም። ቀጥሎ ያለው ተከታታይ ልምምድ፣ ሩጫ፣ ክብደት፣ ሙዚቃ ነው። ወራት በሁለት ደቂቃ ያልቃሉ። የመጀመሪያው ቡድን ውስጥ ተቀይሮ የገባበት ከፉልሃም ጋር የተደረገው ጨዋታ ላይ ፍፁም ቅጣት ምት ያስገኛል። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ሊቨርፑል ላይ በቋሚነት ይሰለፋል። በቃ። ከጭቃው እስከ ክብሩ ያለው መንገድ አንድ ዘፈን ሆነ።

«ፊልም ነዋ! ዘጠና ደቂቃ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ማን ያያል?» ልትሉ ትችላላችሁ። ልክ ነው። ግን ፊልም መጠበቅን ማሳየት አይችልም ማለት አይደለም። እስር ቤትን የሚያሳዩ ፊልሞች ሌላ ምን ሲያሳዩ ኖረዋል? ልዩነቱ የታሰረው ሰው ፊልም መጠበቁን ራሱን እንደ ታሪክ መቁጠሩ ነው። የኳስ ፊልም ግን መጠበቁን ለታሪኩ የሚከፈል ቀረጥ አድርጎ ያየዋል። ፊልሙ የተሠራው በፊፋ ትብብር መሆኑንም አትርሱ። ሺረር፣ ቤካም፣ ዚዳን፣ ራውል በራሳቸው ስም ብቅ ይላሉ። የንግዱ ባለቤት የሚተባበርበት ፊልም የዚያን ንግድ ትልቁን ክምችት፣ ማለትም የማይሰለፉ ወጣቶችን፣ ያሳያል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

አባትየው ልክ ነበር

ልጅ ሳለን የጠላነው ሰው ሄርናን ነው፤ አባትየው። የልጁን ገንዘብ ወሰደ፣ ህልሙን ናቀ። ዓለም ትልቅ ቤት የሚኖር ሰውና የዚያን ቤት ሣር የሚያጭድ ሰው ተብላ የተከፈለች ናት፣ አንተም ቦታህን እወቅ ይለዋል። ፊልሙ ይህን ሰው የሠራው ልጁ የሚዘለው አጥር እንዲሆን ነው።

አሁን ግን ከፊልሙ ሰዎች ሁሉ ሒሳብ የሚያውቀው እሱ ብቻ መስሎ ታየኝ። ለእሱ መኪናው የተጨበጠ ሥራ ነው፤ ኒውካስል ደግሞ አንድ ሰው ቃል የገባው ነገር። ስንት ልጅ ለሙከራ ሄዶ ስንት እንደሚፈርም ማንም ባይነግረውም በስደት ኑሮው ገምቶታል። ስህተቱ ልጁን አለማመኑ ነው እንጂ ዕድሉን አሳንሶ ማየቱ አይደለም። ፊልሙ ግን ሁለቱን አይለያቸውም። ልጁ ስለተሳካለት አባትየው ተሳስቶ ነበር፤ አለቀ። ባይሳካለትስ? ያው ልጅ፣ ያው እግር፣ ያው ልፋት ሆኖ አባትየው «ብዬህ ነበር» የሚል ነቢይ ይሆን ነበር። የታሪኩ ሥነ ምግባር ሙሉ በሙሉ የቆመው በመጨረሻው ቅጣት ምት ላይ ነው። ኳሷ ቋሚውን መትታ ብትወጣ ኖሮ ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም።

የማድሪዱ ወንበር

ክፍል ሁለት በ2007 ወጣ፤ አዘጋጁ ሃውሜ ኮሌት ሴራ ነው። ሳንቲያጎ ሪያል ማድሪድ ይገባል፣ እናም ይቀመጣል! ይህን ሳይ «በቃ፣ አሁን መጣ» ብዬ ነበር። ከኒውካስል ኮከብነት ወደ ማድሪድ ተጠባባቂነት የወረደ ወጣት፤ ከፊቱ ደግሞ የገዛ ጓደኛው ጋቪን ሃሪስ በቋሚነት ይሰለፋል፣ ያውም ጎል እየሳተ። ጓደኛህ እንዲያገባ ትመኛለህ ወይስ እንዲስት? ከዚህ የተሻለ ርዕሰ ጉዳይ ለኳስ ፊልም አይገኝም።

ፊልሙ ግን ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ለማየት ወኔው የለውም። ሳንቲያጎ በተቀየረ ቁጥር ገብቶ ያገባል። ወንበሩ የመጠበቂያ ቦታ ሳይሆን የመወንጨፊያ ቦታ ሆነ። ችግሩም ጎል አለማግባቱ ሳይሆን መኪናው፣ ጋዜጠኛው፣ የምሽት ክለቡ ነው። የጠፋችው እናቱም ማድሪድ ውስጥ ትገኛለች። ያ ሁሉ ድራማ የተደረደረው አንድን ቀላል ነገር ላለማሳየት ነው፤ በሰባኛው ደቂቃ ገብቶ ኳስ አራት ጊዜ ነክቶ ምንም ሳይፈጥር የወጣ ልጅን። በእውነተኛው ኳስ ግን በብዛት የምናገኘው ይሄንኑ ልጅ ነው።

ከዶርትሙንድ የጎደለው ትዕይንት

ፊልሙ የዘለለውን ታሪክ በእውኑ የኖረ ልጅ አለ። መጨረሻው በጣም ስለሚያምር መሀሉን ረስተነዋል።

አሌክሳንደር ኢሳክ ከኤርትራ ወደ ስዊድን ከሄዱ ወላጆች በ1999 ሶልና ተወለደ። በ16 ዓመቱ ለአይክ ተሰልፎ አገባ። በ17 ዓመቱ፣ ጥር 2017፣ ለስዊድን ብሔራዊ ቡድን ስሎቫኪያ ላይ በማግባት በሀገሪቱ ታሪክ ትንሹ ጎል አግቢ ሆነ። በዚያው ወር ቦሩሲያ ዶርትሙንድ ገዛው። እስከዚህ ድረስ «ጎል!» ነው፣ ያውም ያለ ጭቃው።

ከዚያ ሁለት ዓመት። በቡንደስሊጋ 5 ጨዋታ፣ ዜሮ ጎል።

ለምን? «ስላልቻለ» የሚለው መልስ በኋላ በሆነው ነገር ፉርሽ ሆኗል። እንግዲያው ሒሳቡን እንየው። ሲመጣ የቦታው ባለቤት በዚያ የውድድር ዘመን በሊጉ 31 ጎል አግብቶ የጎል አግቢዎች አለቃ የሆነው ፒየር ኤምሪክ ኦባሚያንግ ነበር። አንድ አጥቂ ብቻ በሚሰለፍበት አጨዋወት ይህ ማለት በሩ ዝግ ነው ማለት ነው። ክንፍ ላይ የሚጫወት ልጅ ቀኝ ቢዘጋበት ግራ ይሞክራል፤ የመሀል አጥቂ ግን ወይ እዚያች ቦታ ነው ወይ ወንበር ላይ። በዚያ ጊዜ በሊጉ በአንድ ጨዋታ የሚፈቀደው ቅያሪ 3 ብቻ ነበር፤ 5 የሆነው በ2020 ኮሮና ሲመጣ ነው። ከሦስቱ አንዱ ለጉዳት ይጠበቃል፣ አንዱ ለደከመ አማካይ ይሄዳል። ለ18 ዓመት አጥቂ የሚተርፈው ቡድኑ እየተመራ አሰልጣኙ የጨነቀው ዕለት ነው። ያኔም ቢሆን አሰልጣኙ የሚያስገባው የሚያምነውን ሰው ነው።

አሰልጣኝ ያልኩትም አንድ ሰው አይደለም። ሲገዛ ቶማስ ቱኸል፣ ከዚያ ፒተር ቦሽ፣ ከዚያ ፒተር ሽቶገር፣ ከዚያ ሉሲየን ፋቭር። በሁለት ዓመት አራት። ለቋሚ ተሰላፊ አዲስ አሰልጣኝ አዲስ ፈተና ነው፤ ለተቀማጭ ልጅ ግን ከዜሮ መጀመር ነው። ለቀድሞው በልምምድ ያሳየኸው ሁሉ አብሮት ሄዷል። ጥር 2018 ኦባሚያንግ ወደ አርሰናል ሲሄድ ቦታው ክፍት የሆነ መሰለ። ክለቡ ሚቺ ባትሹዋይን ከቼልሲ በውሰት አመጣ። እሱ ሲመለስ ደግሞ ፓኮ አልካሰር ከባርሴሎና መጣ። አልካሰር ተቀይሮ እየገባ ጎል በማግባት ነው ስሙ የገነነው። አያችሁ ነገሩን? የክፍል ሁለቱ ሳንቲያጎ ዶርትሙንድ ውስጥ በእውን ነበረ፤ ግን ሌላ ሰው ነበር። ኢሳክ ያንን ከወንበርም ርቆ ነው የተመለከተው።

በዚያው መሀል የ2018 የዓለም ዋንጫ መጣ። ስዊድን ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ታሪኳ ውስጥ ስሙን የጻፈው ልጅ ግን ከስብስቡ ውጪ ነበር። አለመሰለፍ በቅዳሜ ጨዋታ ብቻ አይቆምም። አንድ ጊዜ ከዓይን ከጠፋህ ሌላውም በር አብሮ ይዘጋል።

ትዕግስት የሚባለው ውሸት

ዛሬ ስለ ኢሳክ የሚነገረው ታሪክ ምን ይላል? «ታገሰ፣ ደረሰ።» አነቃቂ ቪዲዮ የሚሠሩ ሰዎች ፎቶውን ከበስተጀርባ አድርገው «ጊዜህን ጠብቅ» ይላሉ። እኔ ይህን ንባብ አልቀበለውም። የሆነውን ነገር ስታዩት ልጁ የጠበቀ አይደለም። የወረደ ነው።

ጥር 2019 ዶርትሙንድን ትቶ በውሰት ወደ ሆላንድ ሄደ፤ ቲልበርግ ከተማ፣ ዊለም ቱ። ከቻምፒየንስ ሊግ ክለብ ተነስቶ ብዙዎቻችን አርማውን እንኳ ወደማናውቀው ቡድን። በሊጉ 16 ጨዋታ አደረገ፣ 13 ጎል አገባ። እግሩ ከታኅሣሥ እስከ ጥር አልተለወጠም። የተለወጠው በየሳምንቱ ከመጀመሪያው ደቂቃ ሜዳ ላይ መሆኑ ነው። አጥቂ ደግሞ ከሌላው ተጫዋች በላይ ይህን ይፈልጋል፤ የመጀመሪያውን ዕድል ስቶ ለሁለተኛው ሜዳ ላይ መቆየትን። ተቀይሮ የሚገባው አንድ ዕድል ያገኛል፤ ከሳተ «አየኸው?» ይባላል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2019 ክረምት ሪያል ሶሲዳድ። በየካቲት 2020 በንጉሡ ዋንጫ ሪያል ማድሪድን በሜዳው 4 ለ 3 ሲያሸንፉ ሁለቱ ጎል የእሱ ነበር። በ2022 በክለቡ ክብረ ወሰን ዋጋ ኒውካስል ገባ። በ2024/25 በፕሪሚየር ሊጉ 23 ጎል አገባ። መጋቢት 2025 በዌምብሌይ በካራባኦ ዋንጫ ፍጻሜ ጎል አገባ፣ ኒውካስልም ከ1955 ወዲህ የመጀመሪያውን የሀገር ውስጥ ዋንጫ አነሳ። ተጋጣሚው ማን ነበር? ሊቨርፑል። የፊልሙ የመጨረሻ ጨዋታ ከሃያ ዓመት በኋላ በእውን ተደገመ ብትሉ ማጋነን አይደለም።

ፊልሙ ቢሆን እዚያ ላይ «ተፈጸመ» ይል ነበር። ሕይወቱ ግን ቀጠለ። በዚያው ክረምት ልጁ ከኒውካስል ልሂድ አለ፣ ከቡድኑ ጋር መለማመድ አቆመ፣ በአደባባይ ተካሰሱ። መስከረም 1 ቀን 2025 በ125 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በብሪታንያ ክብረ ወሰን፣ ሊቨርፑል ገባ። የኒውካስል ደጋፊዎች ከሃዲ አሉት። ሰው ቢፈርድበት መብቱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው፤ የትዕግስት ምሳሌ አድርገን የሰቀልነው ልጅ በሙያው ውስጥ ሁለት ወሳኝ ጊዜያት ላይ ያደረገው ነገር አለመታገስ ነው። በ17 ዓመቱ በዶርትሙንድ የተማረው ነገር ካለ፣ ክለብ አንተን ሲጠብቅህ እንደማይኖር ይመስለኛል። ይህን ያለው እሱ አይደለም፤ የእኔ ንባብ ነው። ግን «ታገሰ፣ ደረሰ» ከሚለው ይልቅ እውነታው ላይ የሚገጥም ይመስለኛል።

የትዕግስቱ ታሪክ ክፋት ደግሞ ለቀሩት የሚለው ነገር ነው። ዶርትሙንድ ወንበር ላይ ከኢሳክ ጎን የተቀመጡ፣ ያው አራት አሰልጣኝ ያለፈባቸው ሌሎች ወጣቶች ነበሩ። «የታገሰ ይደርሳል» ካልን ያልደረሱት አልታገሱም ማለት ነዋ! የሦስት ቅያሪውን ሒሳብ፣ የአሰልጣኙን ፍራቻ፣ የዝውውር ገበያውን ሁሉ በልጁ ጠባይ ላይ ጫንነው።

ሄደ፣ ተመለሰ

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ፤ ይህን መቀስ በደንብ የምናውቀው እዚህ ነው።

በ2013 ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቃች። ያ ቡድን ለአንድ ትውልድ አጥቂዎች የውጭ በር ከፈተ። ጌታነህ ከበደን አስታውሱ። በ2005 ዓ.ም. ደደቢት የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ የጎል አግቢዎች አለቃ እሱ ነበር። ከዚያ ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ሄደ። ሲሄድ የነበረውን ጩኸት ታስታውሳላችሁ። ሲመለስ ደግሞ ድምፁ ሌላ ነበር። «ተመለሰ» የምትለው ቃል በእኛ አፍ ቀላል ቃል አይደለችም። ከዓረብ ሀገር ለተመለሰችው ልጅ የምንላት፣ ከደቡብ አፍሪካ ሱቁን ዘርፈውት ለመጣው የምንለው ያችኑ ነው። ከኋላዋ ሁልጊዜ ያልተጠየቀ ጥያቄ አለ፤ «ምን ይዞ?»

ጌታነህ ምን ይዞ እንደመጣ በ2009 ዓ.ም. አሳየ። ለደደቢት ተሰልፎ እንደገና የሊጉ ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነ። ይሄ የእኛው ቲልበርግ ነው እኮ! ሜዳ ሲሰጠው የሚያገባ እግር መሀል ላይ አልጠፋም ነበር። እኛ ግን ያንን እንደ ማስረጃ አላነበብነውም። «ለሀገር ውስጥ ይሆናል» ብለን አለፍነው። አንድ ዓይነት መስመር ኢሳክ ላይ ሲሆን ትንሣኤ፣ ጌታነህ ላይ ሲሆን ልክን ማወቅ።

ሳላዲን ሰይድም አለ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ ግብፁ ዋዲ ዴግላ፣ በውሰት ወደ ቤልጂየሙ ሊርስ፣ ተመልሶ አል አህሊ፣ ከዚያ አልጄሪያ፣ ከዚያ እንደገና ቅዱስ ጊዮርጊስ። እስቲ ይህን መስመር እንደ ታሪክ አንብቡት። አራት ሀገር፣ ቢያንስ ሦስት ዓይነት አጨዋወት፣ በየቦታው አዲስ የልብስ መቀየሪያ ክፍልና አዲስ ቀልድ፤ ቀልዱን ዘግይተህ ነው የምትረዳው። እኛ ግን ስለ ሳላዲን ስናወራ የሚመጣልን በ2013 ዛምቢያ ላይ የሳተው ፍፁም ቅጣት ምት ነው። አንድ ምት። ያ ደግሞ የ«ጎል!» ሎጂክ ግልባጭ ነው፤ እዚያ አንድ ቅጣት ምት ሰውየውን ሙሉ አደረገው፣ እዚህ አንድ ምት ሰውየውን ሙሉ ዋጠው።

ውጭ የሄደ አጥቂያችን ላይ የሚጨመር ሌላም ክብደት አለ። በብዙ ሊጎች የውጭ ተጫዋች ቁጥር የተገደበ ነው፤ በደቡብ አፍሪካ አንድ ክለብ 5 ብቻ ነው የሚያስመዘግበው። ይህ ማለት ልጁ የያዘው ማሊያ ብቻ አይደለም፤ ከአምስት ወንበሮች አንዱን ነው። የሀገሬው ወጣት ሦስት ጨዋታ ባያገባ «ይማራል» ይባላል። የውጭው ባያገባ «ቦታ ይዟል» ይባላል። ስለዚህ ክለቡ አዲስ ሰው ባየ ቁጥር ቀድሞ የሚታሰበው የእሱ መውጣት ነው። ይሄን የማያውቅ ተንታኝ «ለምን አልታገለም?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚህ ሆኖ መጠየቅ ቀላል ነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት የሚያመጣ ሰው አይጠፋም። ቸኩለው ነው የሚሄዱት፣ ሳይበስሉ ነው የሚፈርሙት ይባላል። እውነትነት አለው። የሀገር ውስጥ ሊጉን ሳይጠግብ፣ ቋንቋ ሳይዝ፣ ወኪሉ የሰጠውን ወረቀት በደንብ ሳያነብ የሚሄድ ልጅ አለ። ግን ቆይ፣ ኢሳክስ በ17 ዓመቱ አልቸኮለም? ቸኮለ። ልዩነቱ እሱ ሲወድቅ የሚያርፍበት ቲልበርግ ነበረው። ክለቡ ውሰት የሚልክበት መረብ፣ የሚመለከተው መልማይ፣ ሰባት መቶ ሺህ ሰው የማይሰድበው ፌስቡክ... ሳይሆን የማያውቀው ከተማ። የእኛ ልጅ ከወንበር ሲነሳ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ቦሌ። ቦሌ ላይ ደግሞ ሲሄድ የሸኘው ካሜራ አይጠብቀውም።

ማን ይጻፈው?

የኳስ ፊልም ይህን ታሪክ ይሠራዋል ብዬ አልጠብቅም። ይልቅ የተጠባባቂ ወንበር የአጭር ልቦለድ ቦታ ይመስለኛል። አስቡት፤ አንድ ሰው፣ ዘጠና ደቂቃ፣ ጠባብ ቦታ፣ ከጎኑ ቦታውን የሚፈልግ ሌላ ሰው። ከፊቱ ጓደኛው እየተጫወተ ነው። ጓደኛው ሲወድቅ ከወንበሩ ግማሽ ይነሳል፤ ለመርዳት ይሁን ለመተካት ራሱም አያውቅም። በ60ኛው ደቂቃ አሟሙቅ ይባላል። በመስመሩ ዳር ይሮጣል፣ ይዘላል፣ የሹራቡን ዚፕ ይከፍታል። ተመለስ ይባላል። ዚፑን ይዘጋል። ለደራሲ ከዚህ በላይ ምን ይሰጠዋል? የአማርኛ ልቦለድ ስደትን በባሕሩ፣ በበረሃው፣ በእስሩ አውቆታል፤ በልምምድ ማሊያ፣ ጥሩ ደመወዝ እየበላ የሚሰደድን ልጅ ግን ገና አላገኘውም። ደመወዙ ጥሩ ስለሆነ ሐዘኑን ለማንም ማውራት አይችልም። ቢያወራ «ጠግበህ ነው» ይባላል።

«ጎል!»ን ግን ሙሉ በሙሉ መጣል አልፈልግም። አንድ ነገር ሠርቶልናል። ሄርናን፣ ያ «ተው» ያለው አባት፣ ከፉልሃም ጋር በተደረገው ጨዋታ ቀን ሎስ አንጀለስ አንድ መጠጥ ቤት ገብቶ ልጁን በቴሌቪዥን ያየዋል። ለማንም አልተናገረም። ብዙም ሳይቆይ በልብ ሕመም ይሞታል። ሳንቲያጎ አባቱ እንዳየው የሚሰማው ሊቨርፑልን ካሸነፉ በኋላ ከአያቱ በስልክ ነው። ልጅ ሳለሁ ያስለቀሰኝ ጎሉ ነው፤ አሁን ግን ይሄ ነው።

ምክንያቱም ያን ቀን ልጁ ተቀይሮ ገብቶ ነበር። አባትየው ያየው ነገር ነበረ። ልጁ ያን ቀን ሳይገባ ቢቀርስ? መጠጥ ቤቱ ውስጥ ዘጠና ደቂቃ ተቀምጦ፣ ጨዋታው ሲቆም ካሜራው በተጠባባቂዎቹ ፊት ላይ ለሦስት ሰከንድ ሲያልፍ፣ ከአንድ ዓይነት ጃኬቶች መሀል የልጁን ፊት ይፈልግ ነበር። እኛም ሀገር እንደዚህ የሚፈልጉ ቤተሰቦች ነበሩ። ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቦ ዲሽ የተስተካከለበት፣ ቡና የተፈላበት፣ ልጁ ሳይገባ ያለቀ ጨዋታ። ያን ዕለት ማታ እናትየው ስትደውል ምን ብላ እንደጀመረች ማወቅ እፈልጋለሁ። «አየንህ» አለችው ይሆን?